የሁዳዴ ሙጫ

እስቲ ይህን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። ዛፉን አይደለም፤ ዛፉንማ ሁሉም አይቶታል። ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ወረቀት የሚላጥ፣ ወደ ሽንፋ ወንዝ በሚወርደው ገደል ላይ የቆመ የሙጫ ዛፍ ነው። በስተግራ፣ ከጥግ፣ ግማሹ ተቆርጦ የቀረውን ተመልከቱ። ሁለት እጆች ናቸው። ፋስ ይዘዋል። ያብለጨልጫሉ። ፎቶግራፉን ያነሣችው ልጅ እጆቹን አነሣለሁ ብላ አላሰበችም፤ ድንገት ገብተውባት ነው። ነገሩ ሁሉ ግን እዚያ ጥግ ላይ ነበር።

እጆቹ የውባንች አለነ ናቸው። ኀምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ሽንፋ አጠገብ፣ ጥላው እንኳ በሚያቃጥል ቆላ ነው። ማሽላ ቆርጣለች፤ ሰሊጥ አጭዳ፣ አስራ፣ አራግፋለች። እንዲህ የኖረ እጅ መሰንጠቅ፣ መሻከር ነበረበት። የእሷ ግን የሙሽራ መዳፍ ይመስል ነበር። ጎረቤቷ ባየሽ ስትቀልድባት፣ «አንቺ፣ ለመሆኑ ሥራሽን በማን እጅ ነው የምትሠሪው?» ትላት ነበር።

ምስጢሩ ሞራ ነው። ውባንች ሙጫ ቆራጭ ናት። በፋስ ከግንዱ ላይ ስስ ቅርፊት ታነሣለች፤ ዛፉ ከቁስሉ ያነባል፤ እንባው ሲረጋ ትለቅመዋለች። ትኩስ ሳለ ግን ይህ ሙጫ ቆዳ ከያዘ አይለቅም፤ ሲነጥሉት ሥጋ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የአገሩ ሙጫ ቆራጭ ዛፍ ከመንካቱ በፊት መዳፉንና የፋሱን ስለት ሞራ ይቀባል። ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አለነ ከጋይንት ለአጨዳ ወርደው፣ እዚሁ አግብተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ወንዶች ልጆቻቸውን ወባ ስለወሰደባቸው ፋሱን ለሴት ልጃቸው ሰጡ። ከፋሱ ጋር ሁለት ዕቃ ሰጧት፤ አንድ የበሬ ቀንድና አንድ ትንሽ ቅል። በቀንዱ ሞራ፣ በቅሉ የሰሊጥ ዘይት። ቀንዱ ለፍስክ ነው፣ ቅሉ ለጾም። «በጾም ሞራ የነካ እጅ ጉርሻ አያነሣም» ይሉ ነበር። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙ፤ የተማሩት ልብ አላሉትም።

በገደሉ ላይ አርባ አንድ ዛፎች አሉ። አሉ ማለት ልማድ ሆኖ ነው እንጂ፣ ነበሩ። በወረቀት የማንም አልነበሩም። አለነ ቆረጧቸው፣ ከእሳቸው በኋላ ውባንች ቆረጠቻቸው፤ አንዱን ዛፍ በአንድ ዓመት ከሦስት ቦታ በላይ ሳታቆስል፣ ሦስተኛ ዓመቱን እያሳረፈች። ሙጫውን የሚገዛት ሐሚድ የሚባል የገላባት ነጋዴ ነበር። ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ ይመጣና ከደጅ ሆኖ፣ «ሰምግ! ሰምግ አለ ወይ፣ ሐጃ?» ብሎ ይጮኽ ነበር። ሰምግ እነሱ ሙጫን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ሐጃ ማለቱም እሷን ማክበሩ ነው። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሲነሣ ሐሚድ ጠፋ። ሙጫው ገዢ አጣ። ገዢ ያጣ ዛፍ ደግሞ በኮሚቴ ዓይን ዛፍ አይደለም፤ ያልተመነጠረ መሬት ነው። እናም የመሬት ኮሚቴው ገደሉን ሰሊጥ ለሚያለማ ባለሀብት ሰጠው። ገደል ላይ ሰሊጥ! ውኃ ይዞት እንደሚሄድ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ኮሚቴ አያውቅም። ወይም ያውቃል።

ውባንች ሌላም ቁስል ነበረባት። ባሏ ፈረደ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለ ካላዛር ያዘው፤ ያች ከመሬት ስንጥቅ ወጥታ በምሽት የምትነክሰው ደቃቅ ዝንብ የምታመጣው በሽታ። ሆዱ አበጠ፤ አካሉ ከሳ። ጤና ጣቢያ ወሰደችው። መርፌ ጀመሩለት። በሽታው ቀለል ሲል ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አሥራ አራተኛውን መርፌ በተወጋ በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ እጇን እንደያዘ ሞተ። «በሽታው ነው የገደለው ወይስ መርፌው?» ብላ ጠየቀች። «የእግዜር ፈቃድ ነው እናቴ» አላት አንዱ ነጭ ጋዋን ለባሽ። እግዜር መርፌ አይወጋም! የማታውቀውን አላውቀውም ማለት እንዴት እንዲህ ይከብዳል? ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ በውባንች ደረት ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር።

የትናየት የመጣችው ሁዳዴ እንደ ገባ ነው። ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ላቧን በሻሽ እየጠረገች የማታማርር ልጅ። ባየሽና ውባንች ከውባንች ደጅ በቆመ ዳስ ጥላ ሥር ሽምብራ ሲለቅሙ ደረሰች። ውኃ ሰጧት። ጠጥታ ስታበቃ፣

«እትዬ ውባንች፣ የሰው ጉበት ከሰውየው ውጭ ሊኖር ይችላል ብልዎት ያምኑኛል?» አለቻት።

«በምን ኃጢአቱ ነው ከሰውየው የሚወጣው?»

የትናየት ሳቀች። «ቅንጣት ናት፤ በዓይን የማትታይ። መድኃኒት ሰው ላይ ከመግባቱ በፊት እሷ ላይ እንሞክረዋለን። የሚጎዳ ከሆነ እዚያው ይታያል። ችግሩ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስናስተኛት ጉበትነቷን ትረሳለች። ዙሪያዋን ይዞ የሚያቆማት ነገር ትፈልጋለች፤ ሐረግ ሽቅብ ለመውጣት እንጨት እንደሚፈልገው።»

ውባንች ሽምብራውን ተወችው። «እስካሁን በምን ታቆሟት ነበር?»

ልጅቱ አፈረች። «ከአይጥ ዕጢ በሚወጣ ነገር። አይጧን ሆን ብለው ዕጢ ያወጡባታል፣ ከዚያ ዕጢውን ጨምቀው እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ያረጉታል። አለዚያም ከአይጥ ጅራት፣ ከጥጃ ቆዳ ያወጡታል። ከባሕር ማዶ በበረዶ ታሽጎ ይመጣል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይበላሽብናል። ደግሞ አንዱ ጠርሙስ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዷ አይጥ ከሌላዋ አትመሳሰልማ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ባየሽ። «በአይጥ ዕጢ የሰው ጉበት! የእኛ አይጥ የሚያውቀው ሰሊጥ መብላት ነው። የእነሱ አይጥማ ዶክተር ሆኗል!»

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች የትናየት። «የእናንተ ሙጫ ውኃ ሲነካው ያብጣል ሲሉ ሰማሁ። ከዛፍ የወጣ፣ የእንስሳ ነገር ምንም የሌለበት መቆሚያ ነው የምፈልገው። የእኛው፣ በረዶ የማይሻ።»

ውባንች ገብታ አውራ ጣት የምታክል ሙጫ አምጥታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣለች። ቁጭ ብለው ጠበቁ። እኩለ ቀን ሲሆን ሙጫው ብርጭቆውን ሞልቶ እንደ በረዶ ድንጋይ ጠርቶ ቆሟል። ብርጭቆውን ብትዘቀዝቀው አልወረደም። የትናየት አፏን ይዛ ቀረች።

«ይኸ የፈረደን ጉበት ያተርፈው ነበር?» አለች ውባንች። ፈረደ ማን እንደሆነና እንዴት እንደሞተ በሁለት ቃል ነገረቻት።

«የፈረደን አላውቅም እትዬ። አልዋሽዎትም። የሚቀጥለውን ሰው ግን መርፌው እንደሚጎዳው አስቀድመን ልናውቅ እንችል ይሆናል።»

«አልዋሽዎትም» ብሎ የነገራት ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ይህች ልጅ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ወደ ገደሉ ወረዱ። የትናየት የጥያቄ ወረቀት ይዛለች፤ አርባ ጥያቄ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው? ቁመቱስ? ቁስሉ ስንት ጣት ይጠልቃል? በስንተኛው ቀን ይለቀማል? ውባንች ሁሉንም መለሰች። እየመለሰች ከወገቧ ቅሉን ፈታች፣ መዳፏን የሰሊጥ ዘይት ቀባች፣ የፋሷን ስለት አበሰችና መቁረጥ ጀመረች። የትናየት በስልኳ ቅጠሉን አነሣች፣ ቅርፊቱን አነሣች፣ አፈሩን በላስቲክ ቋጠረች። ፎቶግራፉ የዚያን ቀን ነው። ከአርባው ጥያቄ አንዱ እንኳ፣ እጅዎን በምን ቀቡት የሚል አልነበረም።

ያን ሙጫ ሲረጋ ይዛ የሄደችው የትናየት በሆሣዕና ሳምንት ተመለሰች፤ ከጭነት መኪና ላይ ዘላ ወርዳ እየሮጠች። ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። የሰሊጥ ፍሬ የምትመስል ድብልብል ነገር። «ሃያ አንድ ቀን!» አለች። «ሃያ አንድ ቀን ቆማ ኖረች፣ በእርስዎ ሙጫ! አይጥ ሳይሞት፣ ጥጃ ሳይታረድ። የጉበት ሥራዋን ትሠራለች እትዬ!» ውባንች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አያውቅም?» አለች።

ሁለቱ ተያይዘው የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሄዱ። ሰብሳቢው ወንድማገኝ ነው። ሕፃን ሳለ ቁርጠት ሲያመው ውባንች ሙጫ በውኃ በጥብጣ ያጠጣችው ልጅ፤ ዛሬ ማኅተም ይዟል።

«አንተ ወንድማገኝ፣ ገደሉን ተውልን። ዛፉ ለሰው ሕይወት ሆኗል» አለችው።

እሱም ክፉ አልተናገረም። «እትዬ ውባንች፣ እኔ በቃል አልሠራም። አንድ ቤተ ሙከራ ተሳካልኝ ቢል ምን ዋጋ አለው? ሌላ ገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይመርምረውና፣ እውነትም የእንስሳ ነገር የሌለበት ንጹሕ ሙጫ ነው የሚል ወረቀት ይምጣ። ከመጣ ገደሉን ለጥናት እንከልለዋለን፤ ባለሀብቱ ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቃለሁ።»

አርባ አንድ ዛፍ በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። ለምርመራው ብዙ ሙጫ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ጀሪካን ሙሉ፣ አዲስ የተቆረጠ። የትናየት የላስቲክ ጓንትና ነጭ ከረጢት ትታላት፣ «ንጹሕ ይሁን እትዬ፤ አደራ፣ ንጹሕ ይሁን» ብላ መንገድ ሳይዘጋ ወደ ከተማ ተመለሰች።

ፋሲካ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስታነቡ ውባንችን ሞኝ ለማለት የምትቸኩሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ። ሠፈሩ በሬ ገዝቶ ቅርጫ አረደ። ውባንች ከድርሻዋ ሥጋ ቀንሳ የኩላሊቱን ሞራ ጠየቀች። እንደ ጥጥ የነጣው፣ ሽታ የሌለው፣ ከሞራ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው። «ለሙጫው ነው፤ ለዚያ ለትልቁ ሥራ» አለች። አራጁም ሳይከራከር መርጦ ሰጣት። አቅልጣ በንጹሕ ነጠላ አጥልላ በአባቷ ቀንድ ሞላችው። ቅሉን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ከፋሲካ በኋላ ኀምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ ያ ሙጫ በተቆረጠበት ጊዜ ሁሉ ቅሉ አንድ ቀን እንኳ ከግድግዳው አልወረደም።

ጓንቱንም አልናቀችውም፤ አጠለቀችው። በዚያ ሙቀት ላስቲኩ ላልቶ ሙጫው ላይ ተጣበቀ፤ ተቀደደ፤ ቅዳጁ ሙጫው ውስጥ ገባ። ውባንች ደነገጠች። አንድ በአንድ በእሾኽ ለቅማ አወጣችው። «ይኸን ቆሻሻ ልጅቱ ጋ አልሰድም» ብላ ጓንቱን ጣለች፤ አባቷ እንዳስተማሯት መዳፏን ሞራ ቀባች። ባየሽ ልታግዛት መጥታ ስታያት፣

«የእንስሳ ነገር አይንካው አላለችሽም እንዴ ልጅቱ?» አለቻት።

«ዛፍ ውስጥ ምን እንስሳ አለ?» አለች ውባንች። «እሷ ያለችው ሙጫውን ነው። ሞራ የእጅ ነው።»

ባየሽም፣ «እሱስ ልክ ነሽ» አለች። ልክም ነበረች፤ በእነሱ ዓለም ልክ ነበረች። ሰው ሳሙና ነክቶ ዳቦ ቢቆርስ፣ ዳቦው ሳሙና አለበት ይላል?

አሥራ ሁለት ቀን ቆረጠች። ከአርባ አንዱ ዛፍ ያረፉትን ስምንት ሳትነካ፣ ከሠላሳ ሦስቱ ለቀመች። ቅርፊት የያዘውን ጣለች፣ ጉንዳን የነካውን ጣለች። በሕይወቷ እንዲህ የጠራ ሙጫ ቆርጣ አታውቅም። ሁለቱ ጀሪካን በሰሊጥ ጫኝ መኪና ተላኩ። ከዚያ በጸጥታው ሳቢያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። የዚያ ሰሞን ነገር የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ መኪና አይመጣም፣ ወሬ አይመጣም፣ ሰው በየደጁ ተቀምጦ አቧራ ያያል።

የምርመራው ወረቀት በሰው እጅ ዞሮ ዞሮ ደርሶ፣ በሰኔ መጀመሪያ ወንድማገኝ አስጠራት። አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር።

«እትዬ ውባንች፣ ወድቋል» አለ ወንድማገኝ። «ንጹሕ አይደለም። ባዕድ ነገር ተገኝቶበታል ይላል።»

«ምን ባዕድ?»

«ቀላቅለዋል ማለት ነዋ።»

አንዱ የኮሚቴ ሰው ከጎን፣ «ለሐሚድ አሸዋ እየጨመሩ መሸጥ ለምዶባቸው ነው!» አለ። ሳቁ።

ውባንች ተነሥታ ቆመች። «ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ በዕድሜዬ አሸዋ ጨምሬ አላውቅም። ውኃ አልረጨሁም። የሌላ ዛፍ ሙጫ አልደባለቅሁም። ወንድማገኝ፣ የተገኘውን ነገር ስሙን ንገረኝ።»

«የሳይንስ ስም ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«ስሙን ንገረኝ አልሁህ!»

«እትዬ፣ ተቀመጡ። ቢነግርዎት አይገባዎትም።»

ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ነበር። ሁለት ቃል! ያን ሁለት ቃል በአማርኛ ቢላት፣ እዚያው ቆማ መልሱን ትሰጠው ነበር፤ ሚካኤል ሳይደርስ ነገሩ ይታረም ነበር። አልነገራትም። አይገባትማ! አርባ ዓመት ሙጫ የቆረጠች ሴት ሙጫ ውስጥ ምን እንዳለ አይገባትም፤ ፋስ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ግን ይገባዋል።

ሌባ ተብላ ወጣች። ሰኔ አምስት ቀን ሁለት ትራክተሮች ወደ ገደሉ ወረዱ፤ በመካከላቸው ሰንሰለት ወጥረዋል። የሙጫ ዛፍ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ አይታገልም። በሰንሰለቱ ሲያልፉበት እንደ ዱባ እየተሰበረ ወደቀ። ውባንች ከላይ ሆና አየች። ያረፉት ስምንቱም ወደቁ። ከጠዋት እስከ ቀትር አለቀ። በሦስተኛው ቀን ከየጉቶው ሙጫው መፍሰስ ጀመረ፤ ማንም ሳይቆርጠው፣ ለማንም ያልሆነ፣ ዝንብ የወረረው። እንዲያ ያለ ብዙ ሙጫ በአንድ ጊዜ ታይቶ አያውቅም።

የትናየት የደረሰችው ሚካኤል ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሯ። ገደሉን አየችው። ዳሱ ሥር ገብታ ከውባንች ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እርስዎ እንዳልቀላቀሉ አውቃለሁ» አለች። «ወር ሙሉ አሰብሁት። ግን እትዬ፣ በሙጫው ውስጥ የእንስሳ ስብ አለ። ከየት እንደገባ ሊገለጥልኝ አልቻለም። የሁዳዴው ንጹሕ ነበር። ይኸኛው ለምን?»

የእንስሳ ስብ። ሁለቱ ቃል ይኸው ነው።

ውባንች ተነሣች፤ ከምሰሶው ላይ ቀንዱን አወረደች፤ የልጅቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቅሉን ከግድግዳው አወረደች፤ ከቀንዱ ጎን አስቀመጠችው።

«ይኸ የፍስክ ነው» አለች። «ይኸ የጾም።»

የትናየት የቀንዱን አፍ ከፍታ አሸተተች። ጣቷን ነከረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የየካቲቱን ፎቶግራፍ ፈልጋ ጥጉን በሁለት ጣቷ ለጠጠችው። እጆቹ ያብለጨልጫሉ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ፊት ለፊቴ ነው የቀቡት» አለች። «ቆሜ እያየሁ። እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኛ። ስለ ቅጠሉ ጠየቅሽኝ፣ ነገርሁሽ። ስለ አፈሩ ጠየቅሽኝ፣ ነገርሁሽ።» ደግሞም፣ «የኩላሊቱን ሞራ ነበር የቀባሁልሽ፤ ምርጡን» አለች። ፈረደ ሲቀበር ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። ባየሽ ከበሩ ቆማ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው አጣች።

የትናየት ወንድማገኝ ዘንድ ሄዳ ነገሩን አስረዳችው። ሰማት። «ያሳዝናል፤ ግን አሁን ዛፍ የለም፣ ምን እንድከልል ትፈልጊያለሽ?» አላት። በውባንች ቤት ለቁርጠት ብላ ያስቀመጠቻት አንዲት ጣሳ የሁዳዴ ሙጫ ነበረች፤ ለየትናየት ሰጠቻት። ለሙከራ ትበቃለች፤ ለምርመራ ወረቀት ግን አትበቃም። በከተማው ቤተ ሙከራ ዛሬም ያች የጉበት ቅንጣት በአይጥ ዕጢ ላይ ትቆማለች፤ መብራት ሲጠፋ ትሞታለች። መርፌው ሲወጋ ይኖራል።

ገደሉ ላይ ሰሊጥ ተዘራ። በሐምሌ ዝናብ ከነአፈሩ ሽንፋ ገባ። ውባንች በቀን ሥራ የሰው ሰሊጥ ታርማለች። መዳፏ መሰንጠቅ ጀምሯል። ባየሽ አንድ ቀን እጇን ይዛ አገላብጣ አይታ፣ «አሁን እንደ እኛ ሆንሽ» አለቻት፤ ሳትስቅ።

ታሪኩን የጻፍሁት እንድታዝኑ አይደለም። ከሽንፋ ማዶ፣ ውኃው በሚታጠፍበት፣ አሥራ ሰባት የሙጫ ዛፎች ቆመዋል። እነሱም ለምንጠራ ተይዘዋል፤ ኮሚቴው በጥር ይቀመጥባቸዋል። ውባንች ቅሉን በሰሊጥ ዘይት ሞልታ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። የትናየት ሁለት ባዶ ጀሪካን አምጥታ ቤቷ አስቀምጣለች። ሙጫው የሚፈስበት ሙቀት ከሁዳዴ ጋር ስለሚገባ፣ የሚያስፈልጋቸው ከሁዳዴ አርባ ቀን ብቻ ነው። እናንተ ማኅተም ያላችሁ፣ ወይም ማኅተም ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ጥር ሳይደርስ ሄዳችሁ ለኮሚቴው ተናገሩ፤ ሰንሰለቱን እስከ ፋሲካ አቁሙልን።